«እግርሽን ስበሪ» አለችኝ

ይድረስ ለምክር አምድ አዘጋጅ፣

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ቀን የአረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ፣ ማታ ኮሌጅ እማራለሁ። ባለፈው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍል ፊት ቆሜ ንግግር ላደርግ ነበር። ከፍርሃቴ የተነሳ ምሳም አልበላሁ። አብራኝ የምትሠራ አሜሪካዊት አለች፤ እንደ ታላቅ እህቴ ነው የማያት። ኮቴን ስለብስ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ «ብሬክ ኧ ሌግ!» አለችኝ። እግርሽን ስበሪ! እናቴ ደሴ ላይ እግሯ ተሰብሮ ከተኛች ገና ሁለት ወሯ ነበር። እሷም ይህን ታውቃለች። ንግግሩ ደህና አለፈ። ከዚያ ወዲህ ግን ሰላምታዋን እንኳ በቅጡ አልመልስላትም። ምን ይሻለኛል?

ቅር ያላት

መልስ

እህቴ፣ መረቀችሽ እንጂ አልረገመችሽም።

አባባሉ የቲያትር ሰዎች ነው። መድረክ ላይ ለሚወጣ ተዋናይ «ይቅናህ» ማለት ገድ ያበላሻል ብለው ይፈራሉ። ስለዚህ ክፉውን ተናግረው ደጉን ይመኛሉ። ዛሬ ለፈተናም፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅም ይባላል። ጀርመኖችማ ይብሳሉ፤ አንገትም እግርም ይሰበር ነው የሚሉት። ጣሊያኖች «ተኩላ አፍ ውስጥ ግባ» ይላሉ። የተባለው ሰው «ይሙት!» ብሎ ይመልሳል፤ ተኩላውን ማለቱ ነው። «ብሬክ ኧ ሌግ» የመጣው የአሜሪካውን ፕሬዝዳንት ሊንከንን የገደለው ተዋናይ ቡዝ በ1865 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን በሚገኘው ፎርድ ቲያትር ዘልሎ እግሩ ስለተሰበረ ነው የሚሉም አሉ። እኔ አልቀበለውም። አባባሉ በጽሑፍ የሚገኘው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው።

እስቲ የኛን አስቢው። እናትሽ ጉርሻውን ጠቅልላ «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ» ስትል እንግዳው አፉን ይከፍታል እንጂ መቃብር ትዝ ይለዋል? ልጅ አልበረክትላት ያለች እናትስ ሞት እንዳይመኘው ብላ ሕፃኗን በሚያስጠላ ስም ትጠራው የለ? የቲያትረኞቹም ፍርሃት ከዚህ አይርቅም።

የእናትሽ ነገር ስላለ ቃሉ ቢያምሽ አልፈርድብሽም። ለእነሱ ግን ከአፋቸው ሲወጣ እግር የሚባል ነገር ትዝም አይላቸው። ነገ ቡና ይዘሽላት ግቢ። ንግግሩ እንዴት እንደሆነ ንገሪያት፤ ይኼኔ እየጠበቀች ይሆናል። ለምን እንደራቅሻትም አትደብቂያት። ሌላ ጊዜ ስትልሽ «ታንክ ዩ» ይበቃል። አንቺም ለሰው ልትይው ትችያለሽ። መጦሪያው ውስጥ ኦፕራሲዮን ለሚገቡ አዛውንት ግን አደራሽን፣ «ጉድ ላክ» በያቸው።