ከርነል፣ አስኳል ወይስ ፍሬ?

ጥያቄ፦ ጅማ ሒሳብ አስተምራለሁ። ስለ ሀንከል ትራንስፎርም፣ አንድን ፋንክሽን በኢንተግራል ወደ ሌላ ፋንክሽን ስለሚለውጥ ስሌት፣ በአማርኛ ማስታወሻ እያዘጋጀሁ ነው። ኢንተግራሉ ውስጥ የሚገባውን የቤሰል ፋንክሽን፣ ማለትም ከርነሉን፣ "አስኳል" ብዬው ነበር። ባልደረባዬ አልተስማማም። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ከባልደረባዎ ጋር ነኝ። ለዓመታት ሲያብሰለስለኝ የኖረ ቃል ነው።

ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ሂልበርት በ1904 እ.ኤ.አ. ስለ ኢንተግራል እኩልዮሾች ሲጽፍ ከርነሉን "ኬርን" አለው። በጀርመንኛ የፍራፍሬ ውስጠኛው ፍሬ ማለት ነው። እንግሊዝኛው ከርነልም ሥሩ "ትንሽ እህል" ነው። የፈረንሳዮቹ ኗዮም የኮክ ፍሬ ነው። ሁሉም ከዛፍና ከማሳ ለቀሙት እንጂ እንቁላል የሰበረ የለም።

"የአቶሙ ኒውክሊየስ አስኳል ከተባለ ይሄስ ለምን ይቀራል?" የሚሉ አሉ። አስኳል ግን መሀል የሚቀመጥ ነገር ነው። ከርነል መሀል አይቀመጥም። ከሚለወጠው ፋንክሽን ጎን ቆሞ ይባዛል፤ ኢንተግራሉ ብዜቱን ይደምራል። የትራንስፎርሙን ዓይነት የሚወስነውም እሱ ነው። ኤክስፖኔንሻል ካስገቡ ላፕላስ፣ የተለዋዋጩን የ"t"ን ኃይል (ፓወር) ካስገቡ ሜሊን ይሆናል። ቤሰል ካስገቡ ደግሞ ሀንከል ነው፤ እንደ ከበሮ ቆዳ ክብ ሆኖ ለሚርገበገብ ነገር የሚመቸው። የሚበቅለው የተዘራው ነው።

እዚያው ጅማ ጀንፈል፣ ማለትም ከነልጣጩ የደረቀ ቡና፣ ሲፈለፈል የሚወጣውን ምን ትሉታላችሁ? ፍሬ! ግዕዙ ፈረየ፣ አማርኛው አፈራ ነው። ዕብራይስጡም ፕሪ ብሎ ይዘመደዋል። "ፍሬ ነገሩ" ስንልም የጉዳዩን ዋና ማለታችን ነው።

ፍሬ ውጤትም መሆኑ ያስቸግራል። "የልፋቱ ፍሬ" እንላለንና ተማሪ የኢንተግራሉን መልስ ፍሬ ሊለው ይችላል። ይህን መካድ አልችልም። ለጆሮዬ ግን አሁንም ፍሬን የሚያህል የለም።

ተማሪዎችዎ ግን "ከርነሉን ቀይረው"፣ "ሁለቱ ከርነሎች" ይላሉ አይደል? አንድ ቃል "ኡ"ንና "ኦች"ን ከተቀበለ ሰዋስዋችን ውስጥ ገብቷል። ማን ያስወጣዋል? ቅር እያለኝም ቢሆን ከርነል ብለው ይጻፉ። መጀመሪያ በሚጠቅሱበት ቦታ ብቻ "ፍሬ"ን በቅንፍ ያስገቡልኝ።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። የሊኒየር አልጀብራው ከርነል ሌላ ነው፤ ወደ ዜሮ የሚሄዱትን ቬክተሮች ሁሉ የሚይዝ ስብስብ ነው። እዚያ ላይ ፍሬ ማለት እኔም አልደፍርም።