የፕላጂዮክሌዝ ልኬት ድምሩ 95 በመቶ ሲመጣ

ከጎንደር ዙሪያ ባዛልት ሰብስበው በውስጡ ያለውን ፕላጂዮክሌዝ የተባለ ማዕድን በኤሌክትሮን ማይክሮፕሮብ (የማዕድንን ቅንብር በኤሌክትሮን ጨረር በሚለካ መሣሪያ) ያስለኩ አንድ የጂኦሎጂ ተማሪ፣ የኦክሳይዶቹ ድምር 95 በመቶ አካባቢ ሆኖ እንደመጣ፣ ሶዲየሙም ከጠበቁት እንዳነሰ ገልጸው፣ ውጤቱን በስሌት 100 አድርሰው ቢጠቀሙበት ያስኬድ እንደሆነ ጠይቀውኛል።

አያስኬድም፤ የጎደለው አንድ ንጥረ ነገር ከሆነ ስሌቱ የእርሱን ድርሻ ለሌሎቹ ያከፋፍላል። ይልቅ ውጤቱን በ8 የኦክስጅን አቶሞች ልክ ወደ ካቲዮን (አዎንታዊ አየን) ብዛት ይለውጡት። በጤነኛ ፕላጂዮክሌዝ ሲሊከንና አሉሚኒየም አንድ ላይ ወደ 4፣ ካልሲየም፣ ሶዲየምና ፖታሲየም ደግሞ ወደ 1 ይጠጋሉ። ድምሩ አንሶ ይህ ምጣኔ ካልተዛባ፣ ጥፋቱ የናሙናው ገጽ ወይም የጨረሩ ነው፤ ጨረሩ ጭረት ላይ አርፎ፣ የካርቦን ሽፋኑ ለማነጻጸሪያ ከሚለካው ስታንዳርድ ሽፋን ወፍሮ ወይም የጨረሩ ኃይል በልኬት መሐል ወርዶ ሊሆን ይችላል። ለማይክሮስኮፕ የተሠራ፣ መስታወት የተለጠፈበት ቲን ሴክሽን (ስስ የድንጋይ ቁራጭ) ለዚህ ሥራ እንደማይሆን፣ ገጹም እስከ 1 ማይክሮሜትር ባለው የአልማዝ ዱቄት መወልወል እንዳለበት ልብ ይበሉ።

ሁለተኛው ቡድን (ካልሲየም፣ ሶዲየምና ፖታሲየም) ከ1 በግልጽ ካነሰ ግን ሶዲየሙ ከጨረሩ ሸሽቶ ሊሆን ይችላል፤ ጠባብና ብርቱ ጨረር ባረፈበት ቦታ የሶዲየም ቆጠራ ይወርዳል፣ የሲሊከኑ ይወጣል። በ15 ኪሎቮልት፣ በ10 ናኖአምፔር ገደማ፣ ጨረሩን ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር አስፍቶ ሶዲየምን በመጀመሪያ መለካት ይህን በእጅጉ ይቀንሰዋል። የባዛልቱ መሠረት ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ክሪስታሎች ከጨረሩ ከጠበቡ፣ ማስፋቱን ትቶ ኃይሉን መቀነስ ይሻላል።

ይሁንና የሶዲየም መሸሽ ብቻውን የእርስዎን ጉድለት አይሞላም። በባዛልት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ላብራዶራይት የተባለው የፕላጂዮክሌዝ ዓይነት የሚይዘው የሶዲየም ኦክሳይድ 4 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ ሩቡ ቢጠፋ እንኳ ድምሩ የሚወርደው በ1 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ የተለካው ነጥብ ወደ ሸክላ ወይም ወደ ዜኦላይት (ውኃ አዘል ማዕድናት) የተለወጠ መሆኑን እጠረጥራለሁ፤ መሣሪያው ሃይድሮጅንን ስለማያይ በእነዚህ ውስጥ ያለው ውኃ ከድምሩ ይቀራል። የቅንብር ልዩነትን በድምቀት በሚያሳየው የኋልዮሽ ኤሌክትሮን ምስል ላይ ከስንጥቅ የራቀ፣ ቀለሙ ወጥ የሆነ የክሪስታል መሐል ይምረጡና ያስደግሙ፤ ላቦራቶሪውንም ቅንብሩ የታወቀ ፕላጂዮክሌዝ በናሙናዎ መሐል እየለካ ውጤቱን አብሮ እንዲልክልዎ ይጠይቁ።