የራሳችንን ድራይቨር ሄደር በቢልድ ውስጥ የት እናስቀምጠው? ከሸዋ ሮቢት ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ከሸዋ ሮቢት የጻፉልን ወንድማችን፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ለመስኖ ፓምፕ መቆጣጠሪያ በምትሠሩት ቦርድ ላይ የራሳችሁን የሊኑክስ ድራይቨር (ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ ሃርድዌሩን የሚያዝበትን ፕሮግራም) ጽፋችኋል፤ ኢሜጁን፣ ማለትም ቦርዱ ላይ የሚጫነውን ሙሉ ሲስተም፣ የምትገነቡት ዮክቶ በሚባለው መሣሪያ ነው፤ የአዮክትል ቁጥሮችን (አፕሊኬሽኑ ለድራይቨሩ የሚልካቸውን የትእዛዝ ቁጥሮች) እና ስትራክቶችን (በአንድነት የተያዙ የመረጃ ፊልዶችን) የያዘውን ሄደር፣ ማለትም ሁለቱ የሚጋሩትን የመግለጫ ፋይል፣ ግን አፕሊኬሽኑ ሲገነባ ሊያገኘው አልቻለም። በዚህም የተነሳ አንዱ ባልደረባዎ ሄደሩ ወደ አፕሊኬሽኑ ፎልደር ይገልበጥ ሲል፣ ሌላው ደግሞ «ሊኑክስ-ሊብሲ-ሄደርስ» በሚባለው ሬሲፒ (ዮክቶ አንድን ሶፍትዌር የሚገነባበት መመሪያ ፋይል) ላይ በፓች፣ ማለትም በማሻሻያ ፋይል፣ ይጨመር ብሏል፤ እርስዎም የቱ እንደሚሻል ጠይቀዋል። እኔ ሁለቱንም መንገዶች በየጊዜው ሞክሬ በሁለቱም ስለተጎዳሁ፣ ሁለቱንም አታድርጉ እላለሁ።

በመገልበጡ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በደብረ ብርሃን ዙሪያ ላሉ የገብስ ማሳዎች ውርጭን አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ አነስተኛ መሣሪያ እንሠራ ነበር። ድራይቨሩን አንደኛው ጓደኛዬ፣ አፕሊኬሽኑን እኔ እንጽፍ ነበር፤ ሄደሩንም ከእርሱ ፎልደር ወደ ራሴ ፎልደር የገለበጥኩት እኔው ነኝ። ስትራክቱ ሁለት ፊልዶች ብቻ ነበሩት፤ በመጀመሪያ ኔጌቲቭ ሊሆን የሚችል ባለ32 ቢት የሙቀት መጠን በሚሊ ዲግሪ፣ ቀጥሎም ኔጌቲቭ የማይሆን ባለ32 ቢት የአየር እርጥበት፣ እርሱም የአንድ በመቶ አንድ ሺኛ እየተባለ የሚቆጠር። ጓደኛዬ ሴንሰሩ መረጃውን ከሚልክበት ቅደም ተከተል ጋር ለማስማማት ሁለቱን ፊልዶች አቀያየራቸው፤ ነግሮኝም ነበር፤ እኔ ግን የያዝኩትን ቅጂ ሳላድስ ቀረሁ። በኅዳር ወር አንድ ንጋት ማሳው ዳር ቆሜ፣ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ከጫማዬ ሥር እየተንኮሻኮሸ፣ ስክሪኑ ላይ ያነበብኩት ሙቀት 94 ዲግሪ፣ እርጥበት ደግሞ ከ4 ሚሊዮን በመቶ በላይ የሚል ነበር። 94ቱ በእውነት የአየሩ እርጥበት ነው። ሚሊዮኑ የመጣው ደግሞ ከዜሮ በታች አንድ ዲግሪ ተኩል የነበረው ሙቀት፣ ማለትም -1500፣ ኔጌቲቭ እንደማያውቅ ባለ32 ቢት ቁጥር ሲነበብ 4,294,965,796 ስለሚሆን ነው።

ይህን በዝርዝር የማነሳው ከርነሉ ለምን ዝም እንዳለ እንዲታይ ነው። በአርም ቦርዶች ላይ የአዮክትል ትእዛዝ ቁጥር 32 ቢት ሲሆን፣ 8ቱ ቢት የትእዛዙን ተራ፣ 8ቱ የድራይቨሩን መለያ ፊደል፣ 14ቱ የስትራክቱን መጠን በባይት፣ ቀሪዎቹ 2ቱ ደግሞ መረጃው ወዴት እንደሚሄድ ይይዛሉ። እኛ ፊልዶቹን ስናቀያይር መጠኑ ያው 8 ባይት ስለነበር ቁጥሩ አልተለወጠም፤ ስለዚህ ድራይቨሩና አፕሊኬሽኑ ሆድና ጀርባ ሆነው ሳለ ጥሪው ያለ አንዳች ስሕተት ይመለስ ነበር። በኋላ የባትሪ ቮልቴጅ የሚል ሦስተኛ ፊልድ ስንጨምር ግን መጠኑ 12 ባይት ሆነ፣ ቁጥሩም ተለወጠ፤ አሮጌው አፕሊኬሽን ወዲያውኑ በስሕተት ቁጥር 25፣ ማለትም ድራይቨሩ ትእዛዙን እንደማያውቀው በሚገልጸው መልስ ቆመ። ይህ ዓይነቱ ስሕተት ዕዳው ገብስ ነው፤ የሚያስፈራው በዝምታ የሚያልፈው ነው። በእናንተ ፓምፕ ላይ ደግሞ የተቀያየሩት ፊልዶች የግፊት መጠንና የሞተር ፍጥነት ቢሆኑ ምን ሊደርስ እንደሚችል ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

ወደ ሁለተኛው ሐሳብ ስመጣ፣ «ሊኑክስ-ሊብሲ-ሄደርስ» የእናንተ ቦርድ የከርነል ሄደር ማከማቻ አይደለም። እያንዳንዱ የዮክቶ እትም የሲ ላይብረሪው (አብዛኞቹ ፕሮግራሞች የሚቆሙበት መሠረታዊ የፋንክሽኖች ስብስብ) የሚገነባበትን የሄደር ቅጂ የሚያቀርበው በዚህ ሬሲፒ ነው፤ እርሱ በአንድ መስመር እንኳ ሲነካ የሲ ላይብረሪው፣ ከዚያም በላዩ የቆመው ሁሉ እንደ አዲስ ይገነባል። እኔ ባንድ ወቅት አንድ የአዮክትል ቁጥር ለመጨመር ብዬ ፓች አደረግሁበት፤ ማታ የተጀመረው ቢልድ ንጋት ላይ መብራት ሲሄድ ገና አላለቀም ነበር። ጊዜው ይቅር ቢባል እንኳ፣ ያው ሬሲፒ ለሌሎች ቦርዶችም የሚያገለግል በመሆኑ የአንድ ድራይቨር ጉዳይ የሁሉም ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። የሬሲፒው ጸሐፊዎችም ይህን አታድርጉ የሚል ረዘም ያለ ማስታወሻ እዚያው ፋይሉ ውስጥ ጽፈዋል።

እንግዲህ እኛ በመጨረሻ የጸናንበት አሠራር የሚከተለው ነው። ሄደሩ በድራይቨሩ ሪፖዚቶሪ ውስጥ አንድ ብቻ ሆኖ፣ ለተጠቃሚ ፕሮግራም የሚሆነው ክፍል ድራይቨሩ ለራሱ ከሚይዘው ተለይቶ ይቀመጣል፤ ከርነሉ ራሱ ከ3.7 እትም፣ ማለትም ከ2012 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ፣ ለተጠቃሚ ፕሮግራም የሚሰጡትን ሄደሮች «ዩኤፒአይ» በሚባል ፎልደር ለይቶ እንደሚያስቀምጠው ማለት ነው። ከዚያ ከአንዱ ሪፖዚቶሪ ሁለት ሬሲፒዎች ይጻፋሉ። አንደኛው ሞጁሉን፣ ማለትም ከርነሉ ላይ የሚጫነውን ድራይቨር፣ ይገነባል። ሁለተኛው ምንም ሳይገነባ ሄደሩን ብቻ ወደ ኢንክሉድ ፎልደር፣ በድርጅታችሁ ስም በተሰየመ ንዑስ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል፤ አፕሊኬሽኑም በዲፔንድስ መስመሩ (ጥገኝነቱን በሚዘረዝርበት) የሚጠራው ይህንን ሁለተኛውን ነው። የኮሚት ቁጥሩን (የትኛው የሶርስ ቅጂ እንደሚወሰድ የሚለየውን) በሁለቱም ሬሲፒዎች ውስጥ ለየብቻ አትጻፉት፤ ሁለቱም በሚጠሩት አንድ የጋራ ፋይል ውስጥ ይሁን፤ አለዚያ ቅጂ ማብዛቱ በሌላ በር ተመልሶ ይገባል።

ሄደሩን ከሞጁሉ ሬሲፒ ጋር ማጣመር ለምን አይበቃም የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። ይሠራል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ አፕሊኬሽኑን ለመገንባት ከርነሉ በሙሉ አስቀድሞ መገንባት ይኖርበታል፣ ይህም አፕሊኬሽን ብቻ ለሚጽፍ ሰው አላስፈላጊ ሸክም ነው። ሬሲፒውን ለይታችሁ ስትጽፉ የሚገጥማችሁን አንድ ችግር አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ሄደሮች የሚገቡት ለፕሮግራም ጸሐፊዎች በሚዘጋጀው የዴቭ ፓኬጅ ውስጥ ስለሆነ ዋናው ፓኬጅ ባዶ ይሆናል፣ ዮክቶም ባዶ ፓኬጅ አይሠራም፣ የዴቭ ፓኬጁ ግን ዋናውን ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት ኤስዲኬው፣ ማለትም የአፕሊኬሽን ጸሐፊዎች የመሣሪያ ጥቅል፣ ሲገነባ ፓኬጅ ጠፋ ብሎ ይቆማል፤ እኔ ግማሽ ቀን የፈጀሁበት ነው። መፍትሔው ባዶ ፓኬጅ እንዲፈቀድ «አላው ኤምፕቲ» የሚለውን መስመር መጨመር ነው። የቆየ ምሳሌ ከኢንተርኔት ከወሰዳችሁ ደግሞ፣ ከዮክቶ 3.4 ጀምሮ በእነዚህ መስመሮች ላይ የነበረው የታች ሰረዝ በሁለት ነጥብ መተካቱን አትዘንጉ።

ድራይቨራችሁ በከርነሉ ሶርስ ውስጥ የተጨመረ ከሆነ፣ አፕሊኬሽኑን በቀጥታ ወደ ከርነሉ ፎልደር አታመልክቱት፤ ያልተጣሩት የከርነል ሄደሮች ከሲ ላይብረሪው ሄደሮች ጋር ይጋጫሉ። «ሜክ ሄደርስ ኢንስቶል» የሚለው ትእዛዝ የከርነሉን የውስጥ ጉዳይ አጣርቶ ስለሚያወጣ፣ ከእርሱ ውጤት የእናንተን አንድ ፋይል ብቻ ውሰዱ። በዮክቶ ፋንታ በቢልድሩት ለሚሠሩ አባላት ነገሩ ይቀላል፤ የድራይቨሩ ፓኬጅ ወደ ስቴጂንግ (ሌሎች ፓኬጆች ሲገነቡ ወደሚጠቀሙበት ፎልደር) እንዲጭን አዝዞ ሄደሩን እዚያ መገልበጥና አፕሊኬሽኑን በእርሱ ላይ ጥገኛ ማድረግ ይበቃል።

የሄደሩ አጻጻፍም ከቦታው ያላነሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለተጠቃሚ ፕሮግራም በሚሰጥ ስትራክት ውስጥ «ሎንግ» የሚለው የቁጥር ዓይነትና ፖይንተር (የማኅደረ ትውስታ አድራሻ) አይግቡ፤ ባለ64 ቢት ከርነል ላይ ባለ32 ቢት አፕሊኬሽን ሲሮጥ አንዱ 8 ባይት፣ ሌላው 4 ባይት ይቆጥራል። መጠናቸው የታወቀውን የከርነል ዓይነቶች ተጠቀሙ፤ በፊልዶች መካከል የሚቀረውን ክፍተትም ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) እንዲሞላው ከመተው ይልቅ ራሳችሁ በስም ጻፉት። አንዴ ተጠቃሚ እጅ የገባ ስትራክት አይቀየርም፤ አዲስ ነገር ሲመጣ አዲስ ስትራክትና አዲስ የትእዛዝ ተራ ቁጥር ይሰጠዋል፣ አሮጌውም እየሠራ ይቆያል። እኔ ይህንን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ያቺ የኅዳር ንጋት ባልደረሰችብኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በፊት ቢጠየቅ ደስ ይለኛል፤ ለመሆኑ የራሳችሁ ሄደር ያስፈልጋችኋል ወይ? የእኛ የሙቀት ሴንሰር በእውነቱ አያስፈልገውም ነበር። ከርነሉ ለሴንሰሮች ያዘጋጀው «አይ-አይ-ኦ» የሚባል ሥርዓት ስላለ፣ ድራይቨሩን ወደዚያ ስናዛውረው አፕሊኬሽኑ ሙቀቱን ከአንድ ፋይል እንደ ጽሑፍ ማንበብ ጀመረ፤ ሄደሩም ጠፋ። ከእናንተ ቦርድም የግፊት መለኪያው ወደዚያ ሊሄድ የሚችል ይመስለኛል፤ ለፓምፑ የተለየ ቁጥጥር የሚሆነው ግን በራሳችሁ ሄደር ይቀጥል።

አሁን ላላችሁበት ሁኔታ፣ አዲሱን ሬሲፒ ከጻፋችሁ በኋላ በአፕሊኬሽኑ ፎልደር የቀረውን ቅጂ መሰረዛችሁን አረጋግጡ። የሄደሩ ስም በጥቅስ ምልክት ውስጥ ከተጻፈ ኮምፓይለሩ አስቀድሞ የሚፈልገው ሄደሩን የጠራው ፋይል ባለበት ፎልደር ስለሆነ፣ ሬሲፒው ትክክል ቢሆንም የተረሳው ቅጂ ይቀድመዋል። እኛም ሬሲፒውን ካስተካከልን በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ 94 ዲግሪ ማየታችንን የቀጠልነው በዚሁ ምክንያት ነበር። ስሙን በማዕዘን ቅንፍ ጻፉት፤ ከዚያም ለኮምፓይለሩ ካፒታል ኤች (-H) የሚለውን አማራጭ ሰጥታችሁ ገንቡ፤ እያንዳንዱ ሄደር ከየትኛው ፎልደር እንደተነሳ ይዘረዝርላችኋል። የእናንተ ሄደር የወጣበትን መስመር እዚህ ብትለጥፉልን፣ ቀሪውን አብረን እናየዋለን።