የሮይስን ቤት የትውልድ ሐረግ ለምታጠኑ

የታሪክ ትምህርት ለጀመራችሁ ልጆቼ፤

የነገሥታትን የትውልድ ሐረግ የሚሸመድድ ተማሪ በማስተማር ዘመኔ ብዙ አይቻለሁ። እገሌ እገሌን ወለደ እያለ እንደ ዳዊት ይደግመዋል፤ አቋርጣችሁ «ለምን?» ስትሉት ግን ዝም ይላል። እንዲህ ላለው ተማሪ መድኃኒቱ የሮይስ ቤት ነው።

ሮይሶች በጀርመን፣ በምሥራቅ ቱሪንጊያ፣ ግራይጽንና ጌራን ይዘው እስከ 1918 የገዙ መሳፍንት ናቸው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የንጉሠ ነገሥት ሃይንሪሽ 6ኛን ክብር ለማስታወስ ወንዱን ልጅ ሁሉ ሃይንሪሽ አሉት። በኩሩን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ወንድምየው ሃይንሪሽ፣ አጎትየው ሃይንሪሽ፣ በሕፃንነቱ የሞተውም ሃይንሪሽ!

መለያው እንግዲህ ቁጥር ሆነ። እኛ ዳግማዊ ምኒልክ ስንል በዚያ ስም ሁለተኛ የነገሠውን ማለታችን ነው። ሮይሶች ግን የነገሠውን ሳይሆን የተወለደውን ይቆጥራሉ። የግራይጹ ታላቅ ቤት ደንብ መቶ እስኪሞላ መቁጠር ነበር፤ የጌራው ታናሽ ቤት ደግሞ አዲስ ክፍለ ዘመን ሲገባ ከአንድ ይጀምራል።

የታናሹን ቤት ተራ ተመልከቱ። በ1848 አብዮት ሃይንሪሽ 72ኛ ሥልጣኑን ለቀቀና ግዛቱ ለ62ኛው ተላለፈ። 62ኛው በ1854 ሲሞት ወንድሙ 67ኛው ተተካ። በ1867 የ67ኛው ልጅ 14ኛው፣ በ1913 ደግሞ የ14ኛው ልጅ 27ኛው ያዙት። ቁጥሩን አምኖ የተከተለ ሰው ልጅን ከአባት ሊያስቀድም ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ የተወለደበትን ዓመት፣ የገዛበትን ቦታና የእናቱን ስም ጻፉ።

እናቱን ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የሮይስ ሴቶች ቁጥር አልነበራቸውም፤ ስም ግን ነበራቸው። በ1757 በኤበርስዶርፍ የተወለደችው አውጉስታ የኮቡርጉን መስፍን ፍራንትስን አገባች። ልጇ ሊዮፖልድ የቤልጂየም የመጀመሪያው ንጉሥ ሆነ፤ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያና ባሏ አልበርትም ሁለቱም የልጅ ልጆቿ ናቸው። ከሃይንሪሾቹ ሁሉ ተደምሮ ይህን ያህል ዙፋን የደረሰ ዘር የለም ብል ብዙ የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም።

የግራይጹ ሃይንሪሽ 22ኛም ያለ እናቱ አይገባችሁም። ገና ልጅ ሳለ አባቱ ሞተና እናቱ ካሮሊነ እንደራሴ ሆና ገዛች። በ1866 ጦርነት ከኦስትሪያ ጎን በመቆሟ የፕሮሲያ ወታደር ግራይጽ ገባ። ልጇም ፕሮሲያን እንደጠላ ኖሮ በ1902 ሞተ። የእርሱ ልጅ ሄርሚነ ግን በ1922 ሆላንድ ውስጥ በስደት የነበረውን የመጨረሻውን የፕሮሲያ ንጉሥ፣ ቪልሄልም 2ኛን አገባች። አባትየው በሕይወት ቢኖሩ ለሠርጉ ይመርቁ ነበር ወይ? እንጃ!

የሄርሚነ ወንድም 24ኛው በልጅነቱ በደረሰበት ጉዳት መግዛት ስላልቻለ፣ ግራይጽን የጌራ ዘመዶቹ በእንደራሴነት አስተዳደሩለት። በ1918 ሁለቱንም ግዛት አስረክቦ የወረደው ያው 27ኛው ነው።

ሰፊ ወረቀት አምጡና ከካሮሊነ ጀምሩ። ወደ ታች ስትወርዱ ሄርሚነን፣ ወደ ጎን ስትሄዱ ጌራን ታገኛላችሁ።