ዊንዶውስ አስጭኜ ዋይፋዩ ጠፋ፣ ካርዱ ተቃጥሎ ይሆን?

ጥያቄ፦ ሰላም ዝግጅት ክፍሎች፣ ያገለገለ ኤችፒ ላፕቶፕ አለኝ፣ በጣም ሲንቀራፈፍብኝ ፎርማት አስደርጌ ዊንዶውስ 10 አስጫንኩበት፣ ከዛ ወዲህ ዋይፋይ የሚባል ነገር ድራሹ ጠፋ። የኬብል መሰኪያም የለውም። ድራይቨር የሚባለውን፣ የዋይፋይ ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም ከኢንተርኔት አውርድ ይሉኛል፣ ያለ ኢንተርኔት እንዴት ነው የማወርደው? የጫነልኝ ልጅ ደሞ ካርዱ ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዛ አለኝ። እውነቱን ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ እባክህ ይሄን ሳታይ ብር እንዳታወጣ። ስታርት ላይ ራይት ክሊክ አድርግና ዲቫይስ ማናጀርን ክፈት። እዛ "አዘር ዲቫይስስ" ከሚለው ስር "ኔትወርክ ኮንትሮለር" የሚል ቢጫ ምልክት ያለበት ነገር ካየህ ካርድህ አለ፣ ኮምፒውተሩ አይቶታል፣ የጎደለው ድራይቨር ብቻ ነው። የሞተ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ እዛ ጭራሽ አይታይም። ምንም ካላየህ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ውስጥ ዋይርለስ ተዘግቶ ወይ ካርዱ ከቦታው ላልቶ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እሱን አስፈትሽ።

ኢንተርኔቱን ከስልክህ ታገኛለህ። አንድሮይድ ስልክህን በገመድ ላፕቶፑ ላይ ሰካና ሴቲንግ ገብተህ ሆትስፖት ካለበት ዩኤስቢ ቴተሪንግን (የስልኩን ኢንተርኔት በገመድ ማካፈያውን) አብራ፣ ዊንዶውስ ለዚህ የሚሆነው ድራይቨር ከራሱ ጋ ስላለው ወዲያው ይገናኛል። ማብሪያው ደብዝዞ አልነካ ካለህ ገመዱ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ሊሆን ስለሚችል ዳታ የሚያስተላልፍ ፈልግ። ስልኩ ዋይፋይ ላይ ከሆነ ያንኑ ዋይፋይ ነው ለላፕቶፑ የሚያካፍለው፣ ፓኬጅህ አይነካም፤ በሞባይል ዳታ ከሆነ ግን ዊንዶውስ አፕዴት ጀምሮ እንዳይጨርስብህ ኮኔክሽኑን ዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ "ሜትርድ" (ዳታ ቆጥብ እንደማለት) አድርገው። አይፎን የአፕልን ድራይቨር ስለሚፈልግ ለዚህ አይመችም፣ አንድሮይድ ተዋስ።

ስልክ ካልተገኘ ደሞ ቢጫው ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ዲቴይልስ፣ ከዛ "ሃርድዌር አይዲስ" የሚለውን ምረጥ። "ቬን" (VEN) ከሚለው ቀጥሎ 8086 ካለ የካርዱ አምራች ኢንቴል ነው፣ 10ኢሲ (10EC) ካለ ሪልቴክ፣ 14ኢ4 (14E4) ካለ ብሮድኮም። ሙሉውን መስመር በስልክ ፎቶ አንሳው፣ ምክንያቱም አንድ አይነት ሞዴል ላፕቶፕ ውስጥ የተለያየ ካርድ ሊገባ ይችላል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ኢንተርኔት ካፌ ሄደህ ከኤችፒ ሳይት ላይ የላፕቶፕህን ሞዴል ፈልግና ከካርድህ ጋ የሚገጥመውን፣ ዊንዶውስህ 64 ቢት ከሆነ የ64ቱን፣ በፍላሽ ይዘህ ና። "ሁሉንም ድራይቨር በአንዴ" የሚሉ ፓኮችን አልመክርህም፣ ያልጠየቅከውን ፕሮግራም ሁሉ ጎትተው ያስገቡብሃል።

ልጁ ፓርቲሽኑን (ድሮ ዊንዶውስ የነበረበትን የሃርድ ዲስኩን ክፍል) ሳያጠፋ ከላይ ከጫነው ደሞ ሲ ድራይቭ ውስጥ "ዊንዶውስ ኦልድ" የሚል ፎልደር ይኖራል፣ የድሮው ድራይቨር እዛው ውስጥ ስላለ ቢጫው ላይ አፕዴት ድራይቨር በልና ያንን ፎልደር አሳየው፣ ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። ግን ቶሎ በል፣ ዊንዶውስ ከቀናት በኋላ ራሱ ያጠፋዋል።

ዋይፋዩ መጥቶ ብሉቱዙ እምቢ ካለ አትደንግጥ፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱ አንድ ካርድ ላይ ናቸው፣ ድራይቨራቸው ግን ለየብቻ ነው፣ ስለዚህ ስታወርድ ሁለቱንም አውርድ።