«ለመምህሬ እንዳትነግሪ» ብሎ አስምሎኛል

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። በትምህርት ቀን ጠዋት ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» ማለት ከጀመረ ሁለት ወር ሊሆነው ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ደኅና ነው። ሰሞኑን የሒሳብ ደብተሩን ስገልጥ ገጾቹ ተቦጫጭቀው አገኘሁ። አጥብቄ ስጠይቀው አንድ የክፍሉ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር እየሆነ በእረፍት ሰዓት እንደሚገፈትረውና ቅጽል ስም አውጥቶ እንደሚያሾፍበት ነገረኝ፤ ለመምህሩ እንዳልናገርም አስማለኝ። አባቱ ደግሞ «መልሰህ ምታው» ይለዋል። መሐላዬን ልጠብቅ ወይስ ልናገር?

መልስ፦ ይናገሩ፤ ነገር ግን ከልጅዎ ተደብቀው አይናገሩ። እናቱ በስውር ትምህርት ቤት ሄዳ እንደተናገረች በኋላ የሚያውቅ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ምንም ቢደርስበት አፉን አይከፍትም። ስለዚህ አስቀድመው «መንገርህ ደስ ብሎኛል፣ ጥፋቱም ያንተ አይደለም» ይበሉትና ብነግር ምን ይሆናል ብሎ እንደሚፈራ ረጋ ብለው ይጠይቁት። ብዙ ልጆች የሚፈሩት መምህሩ ሁለቱንም በክፍሉ ፊት አቁሞ እንዳይጠይቃቸው፣ «አሳባቂ» እንዳይባሉና ከትምህርት ቤት ሲወጡ እንዳይጠበቁ ነው። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። «ይህን ነገር ደብቄ መያዝ አልችልም፤ እንዴትና መቼ እንደምናገር ግን አብረን እንወስናለን» ቢሉት መሐላው ቢፈርስም እምነቱ አይፈርስም።

የአባቱ ምክር ከፍቅር የመነጨ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ሆኖም አልስማማበትም። ይህን ጉዳይ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በስዊድንና በኖርዌይ ያጠኑት የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳን ኦልቬውስ እንዲህ ያለውን ጥቃት ከተራ ጠብ የለዩት በሦስት ነገሮች ነው፤ እነርሱም ሆን ተብሎ መደረጉ፣ መደጋገሙና በሁለቱ ወገኖች መካከል የኃይል አለመመጣጠን መኖሩ ናቸው። ልጅዎ ብቻውን ነው፤ እነዚያ ብዙ ናቸው። መልሶ መምታት ያቃተው ልጅ በእነርሱ ፊት ካፈረው በላይ በአባቱም ፊት ያፍራል፣ ቢመታ ደግሞ መምህሩ የሚያየው የእርሱን እጅ ሊሆን ይችላል። «ተጨባበጡና ታረቁ» የሚባለው መፍትሔም የማይሠራው በዚሁ ምክንያት ነው፤ እርቅ ለተጣሉ እኩዮች እንጂ ለሚያጠቃና ለሚጠቃ አይደለም።

ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ በቁጣ ሳይሆን በማስታወሻ ይሂዱ። መቼ፣ የት፣ ምን እንደተደረገና ማን እንዳየ በአጭሩ ይጻፉ፤ የተቦጫጨቀውንም ደብተር ይያዙ። መምህሩን በልጆቹ ፊት ሳይሆን ለብቻ አግኝተው ሁለቱን ልጆች ፊት ለፊት እንዳያገናኙ፣ በእረፍት ሰዓትም ጥቃቱ በሚፈጸምበት ቦታ አንድ አዋቂ እንዲቆም ይጠይቁ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ እንደገና የምትገናኙበትን ቀንም ሳይቆርጡ አይውጡ። ለውጥ ከሌለ ወደ ርእሰ መምህሩ በጽሑፍ ያመልክቱ። የአጥቂውን ልጅ ወላጆች በራስዎ ሄደው መግጠም ግን ብዙ ጊዜ ነገሩን ወደ ወላጆች ጠብ ይለውጠዋል።

የአንድ ጓደኛ ዋጋ ከምንገምተው በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ፣ በካናዳ ትምህርት ቤቶች መጫወቻ ሜዳዎች ላይ የሚሆነውን በቪዲዮ ቀርጾ በመረመረ ጥናት፣ ሌላ ልጅ ጣልቃ ከገባባቸው ጊዜያት ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ጥቃቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። እንግዲህ ልጅዎ ከሚቀርበው አንድ ልጅ ጋር ከትምህርት ሰዓት ውጭ እንዲጫወት ቢያመቻቹለት በእረፍት ሰዓትም ብቻውን አይቆምም።

እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከተወ ወይም «ባልኖር ይሻለኛል» የሚል ቃል ካመለጠው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ወይም ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ይውሰዱት። እስከዚያው ግን ማታ ማታ «ዛሬስ መቱህ?» እያሉ አይመርምሩት፤ «በእረፍት ሰዓት ከማን ጋር ነበርክ?» ብለው ይጠይቁትና እስኪጨርስ ድረስ ያዳምጡት።