ምግብ እምቢ ያለ ሕፃንና የወላጁ ጭንቀት፦ ጠይቁኝ

ሥራዬ ሕፃናትን ከወላጆቻቸው ጋር በሥነ ልቦና ማከም ነው። ልጃችሁ ማንኪያ ሲያይ የሚያለቅስ፣ ጡጦ የሚገፋ ከሆነ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ አፉን ያልፈታ ልጅ በሥነ ልቦና እንዴት ይታከማል?

መልስ፦ በገላው ይናገራል። ፊቱን ያዞራል፣ ከንፈሩን ይገጥማል፣ ወደ ኋላ ይለጠጣል። ደግሞም የምናክመው እሱን ብቻ ሳይሆን በእሱና በሚያበላው ሰው መካከል ያለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሰልማ ፍራይበርግና ባልደረቦቿ በአሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ ቤት ለቤት እየሄዱ፣ ሕፃኑ ባለበት እናትየውን ያዳምጡ ነበር። እኛም የምንከተለው ይህንኑ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ አሥር ወሯ ነው። ለጥቂት ጉርሻ አንድ ሰዓት እንታገላለን። ጥፋቱ የኔ ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። መጀመሪያ የሕፃናት ሐኪም ይያት፤ ቃር፣ አለርጂ፣ የመዋጥ ችግር፣ የልብ ሕመምም ልጅን ምግብ ያስጠላሉ። ሕመሙ ታክሞም እምቢታው ከቀጠለ ግብግቡን እናያለን። ስትፈሪ ትገፊያታለሽ፤ ስትገፊያት ትሸሻለች፤ ስትሸሽ ፍርሃትሽ ይብሳል። ስለዚህ ስታበያት በቪዲዮ ቀርጸን አብረን እናየዋለን። አንዲት እናት፣ ማንኪያው ገና ሳይደርስ ልጇ ዓይኗን ስትጨፍን አይታ «ለካ ትፈራኛለች» ብላ አለቀሰች። ቀጣዮቹን ሰከንዶች አሳየኋት። ማንኪያው ዝቅ ሲል ሕፃኗ ዓይኗን ገልጣ የእናቷን ፊት ፈለገች። የሸሸችው ማንኪያውን ነበር።

ጥያቄ፦ እኔ ራሴ በልጅነቴ እየተመታሁ ነው የበላሁት። ይህ ለልጄ ይተርፋል?

መልስ፦ ሊተርፍ ይችላል፤ ግን የግድ አይደለም። ሳህን ላይ ምግብ ተርፎ ስታዪ ልብሽ የሚመታው ከዛሬው ልጅሽ ይልቅ ከያኔዋ ሕፃን የመጣ ሊሆን ይችላል። ያንን ሕመም በቃል አውጥታ ያለቀሰች እናት፣ የልጇን ለቅሶ መስማት ይቀላታል። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ አባትስ ይምጣ?

መልስ፦ ይምጣ። የሚያበላ ሁሉ ይምጣ፤ አያትም ብትሆን።

ጥያቄ፦ ከዛሬ ጀምሮ ቤት ውስጥ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ኤሊን ሳተር እንደምታስተምረው ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ አንቺ ወስኚ፤ መብላት አለመብላቱንና መጠኑን ለልጁ ተይለት። ምግቡን በእጁ ይንካ፣ ያበላሸው። ፊቱን ካዞረ ማንኪያውን አውርደሽ ጠብቂ። ከግማሽ ሰዓት በላይ አታስቀምጪው። በእንቅልፉ ማብላት ይቅር።

ጥያቄ፦ መታገሥ የሌለብን መቼ ነው?

መልስ፦ ክብደቱ ከቀነሰ፣ ሽንቱ ካነሰ፣ ከደከመና አልነቃ ካለ፣ ሲበላ ትን ካለው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ የኛን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰዱት።